የጣና ደሴቶች ግምጃ ቤትና ጠባቂዎቹ

የሰው ልጅ ከሁሉ አብልጦ የሚያከብረውን ነገር እጅ በማይደርስበት ስፍራ ማኖር የጥንት ልማዱ ነው። የአገራችን አባቶችም ታቦታቸውን፣ መጻሕፍታቸውንና የነገሥታቱን ዐፅም የሚያኖሩበትን ስፍራ በመረጡ ጊዜ ተፈጥሮ አስቀድማ ያጠረችውን ቦታ ፈለጉ። ስለዚህ ደብረ ዳሞ በገመድ ካልሆነ በቀር በማይወጣበት ገደል ላይ ተመሠረተ፤ ግሸንም በአምባ ላይ ሆነ፤ አያሌ አብያተ ክርስቲያናትም በዋሻ ውስጥ ተሠሩ። በጎጃምና በበጌምድር መካከል ያሉት አባቶች ግን ከገደልም ከዋሻም ይልቅ ውሃን መረጡ። የጣና ደሴቶች ገዳማት ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

ውሃን አጥር ማድረግ የእኛ አገር መነኮሳት ብቻ ያሰቡት ነገር አይደለም። በሩቅ ምሥራቅ የቡድሃ እምነት ተከታዮች በቻይና ባሕር ዳር ያለችውን የፑቱዎ ደሴት የጸሎት ስፍራ አድርገው፣ የርኅራኄ እናት ለሚሏት ለጓንዪን ሰጥተዋታል። ደሴቲቱም በቻይና ካሉት ከ4ቱ የቡድሃ ቅዱሳን ተራሮች አንዷ ሆና ትቈጠራለች። በምዕራብ በኩል ደግሞ በስኮትላንድ አጠገብ ባለችው በአዮና ደሴት ኮሉምባ የተባለ መነኵሴ በአውሮፓ አቈጣጠር በ563 ዓመት ገዳም መሠረተ። እምነታቸውና ቋንቋቸው የማይገናኝ ሰዎች ከዓለም ለመለየት በፈለጉ ጊዜ አንድ ዓይነት ስፍራ መምረጣቸው የሚያስደንቅ ነው። ይሁን እንጂ ውሃ ሁልጊዜ አጥር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ይህንም ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እኛ የደምበጫ ሰዎች ደገኞች ስለ ሆን ሐይቅ በቅርባችን የለም። ነገር ግን ከጣና ጋር የሚያገናኘን የውሃ ዝምድና አለን። በሰከላ ከግሽ ዐባይ የሚመነጨው ግልገል ዐባይ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና ይገባል። ከሐይቁ በባሕር ዳር በኩል የሚወጣው ታላቁ ዐባይ ደግሞ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ወደ ምዕራብ ያልፋል። የደምበጫ ወንዞችም መጨረሻቸው እዚያው ዐባይ ነው። እንግዲህ ጎጃም ራሱ በሦስት ወገን በውሃ የተከበበ፣ ደሴት ለመሆን ጥቂት የቀረው አገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን የግሽ ዐባይ ምንጭ ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በሚያዝያ 1610 ዓ.ም.፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1763 ዓ.ም. አይተው ለአውሮፓ ሰዎች ጽፈውላቸዋል። የአገሩ ሰው ግን ከእነርሱ አስቀድሞ ምንጩን በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም ያከብረውና ጠበል ይጠመቅበት ነበር።

ከደምበጫ ተነሥቶ ጂጋን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላንና መራዊን ያለፈ መንገደኛ ባሕር ዳር በደረሰ ጊዜ ደጋው አልቆ ሰማይና ውሃ አንድ ሆነው ያያል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ፣ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ነው። እንዲህ ሰፊ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም። ደሴቶቹ በተለምዶ 37 ተብለው ይቈጠራሉ፤ ከነዚህም ውስጥ በብዙዎቹ ላይ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም አለ።

የጥንቱ የሐይቁ መሻገሪያ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነው። ደንገል የጥንት ግብፃውያን ጀልባቸውንም የሚጽፉበትንም ወረቀት ይሠሩበት የነበረው ተክል ነው። ቶር ሄየርዳል የተባለው የኖርዌይ ሰው የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስን ለመሻገር ይችሉ እንደ ነበረ ለማሳየት በተነሣ ጊዜ ደንገሉን ያስቈረጠው ከጣና ነበር። በ1961 ዓ.ም. ያደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ሳይፈጸም ቀረ። በ1962 ዓ.ም. ግን ሁለተኛይቱ ጀልባ ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ደሴት ደረሰች። የጣና ታንከኛ በየቀኑ ማገዶና እህል የሚያመላልስበት ሣር አትላንቲክን የሚሻገር ኃይል እንዳለው ዓለም ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ከደሴቶቹ ሁሉ መካከል በስም የገነነው ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ዳጋ በሐይቁ መካከል፣ ከሰፊው ከደቅ ደሴት አጠገብ የቆመ፣ ጥቅጥቅ ያለ ዱር የለበሰ ኮረብታ ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ የሄደ ሰው ከሁለት ሰዓት የማያንስ ጊዜ ይፈጅበታል። ከወደቡ ወርዶ በዛፎቹ ጥላ ሥር በሚወጣው ጠባብ መንገድ ሲጓዝ የወፍ ድምፅና የራሱ ትንፋሽ እንጂ ሌላ አይሰማም። በገዳሙ ትውፊት እንደሚነገረው ገዳሙን የመሠረቱት በዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን መንግሥት፣ ማለት ከ1262 እስከ 1277 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የንጉሡ ዘመድ የነበሩት አቡነ ኂሩተ አምላክ ናቸው። እርሳቸውም ሐይቁን የተሻገሩት በድንጋይ ታንኳ ነው ይባላል። ወደዚህ ገዳም ሴት አትገባም፤ የዚህ ሥርዓት ዘመን ከገዳሙ ዕድሜ ጋር እኩል እንደ ሆነ አባቶች ይናገራሉ።

የዳጋ ዕቃ ቤት የነገሥታት ማረፊያ ነው። የገዳሙ አባቶች ከሚጠብቁት ዐፅም መካከል የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ይገኛል። የነዚህን ነገሥታት ታሪክ ላስተዋለ ሰው ነገሩ ብዙ ያሳስባል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የከተሙ፣ መጻሕፍትን ያስጻፉ፣ የእመቤታችንንም በዓላት በመላው አገር ያጸኑ ኃይለኛ ንጉሥ ነበሩ፤ በ1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ቢያርፉም በመጨረሻ የተቀመጡት በዚህች ትንሽ ደሴት ነው። ዐፄ ዘድንግል ከነገሡ ብዙ ሳይቈዩ በ1597 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቁ። ዐፄ ፋሲለደስ ደግሞ ጎንደርን የመንግሥት ከተማ አድርገው፣ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ግንብ ያሠሩ ናቸው። በሕይወታቸው አገር ያልበቃቸው በአንድ ጠባብ ቤት ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ጠባቂዎቻቸውም ዘውድ ያልደፉ፣ ጦር ያልያዙ መነኮሳት ናቸው።

ከዐፅሙ ሌላ ዳጋ በሥዕል ታሪክ ዘንድ የታወቀ አንድ ሀብት አለው። ይኸውም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለ የእመቤታችን ሥዕል ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ስማቸውን አይጽፉም፤ ሥራው የእግዚአብሔር ነው ብለው ይተዉታልና። በዚህ ሥዕል ላይ ግን ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን እንደ ሆነና ሥራውም የተሠራው ይስሐቅ የዳጋ አበምኔት በነበሩበት ጊዜ እንደ ሆነ ተጽፏል። በዚህ በአንድ መስመር ጽሕፈት ምክንያት ሊቃውንት ሌሎችንም ሥዕሎች ከዚያው እጅና ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡ መሆናቸውን ለመለየት ቻሉ። ጽሕፈቱ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ፍሬ ጽዮን ስም የሌለው ሆኖ በቀረ ነበር።

የዳጋ ጎረቤቶችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወግ አላቸው። በደቅ ደሴት አጠገብ ያለችው ናርጋ ሥላሴ በእቴጌ ምንትዋብ የተሠራች ናት። እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት ሥዕል በግድግዳዋ ላይ አለ። በምሥራቅ ዳርቻ ያለው ጣና ቂርቆስ ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ ዘመን ያረፈችበት ስፍራ ነው ተብሎ ይነገርለታል። ለባሕር ዳር የሚቀርበው ክብራን ገብርኤል በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን በአባ ዘዮሐንስ የተመሠረተ፣ በኋላም በዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ እንደ ገና የተሠራ ነው። በአጠገቡ ያለችው እንጦንስ ኢየሱስ በቀድሞ ዘመን የሴቶች መነኮሳዪያት ገዳም ነበረች። በዘጌ ልሳነ ምድር ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደግሞ መቅደሷ ዙሪያውን በሥዕል የተሸፈነ በመሆኑ ፊደል ላልቈጠረ ሰው መጽሐፍ ሆና ኖራለች። ወደ ዳጋና ወደ ክብራን ለመግባት ያልተፈቀደላቸው እኅቶቻችን ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና ወደ ናርጋ ሥላሴ ገብተው ይህን ሁሉ ለማየት ይችላሉ።

ስለ ዘጌ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። አቡነ በትረ ማርያም ምድሪቱ እንዳትታረስ፣ ከብትም እንዳይረባባት ሥርዓት ሠርተዋል ተብሎ ይታመናል። ሕዝቡም ይህን ጠብቆ በዛፍ ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ እየተከለ ኖረ። በዚህ ምክንያት በዙሪያው ያለው አገር ዱሩ ተመንጥሮ ሲራቈት ዘጌ እስከ ዛሬ ደን ለብሳ ትታያለች። ይህ ሥርዓት የደን አጠባበቅ ትምህርት በትምህርት ቤት ከመሰጠቱ ከብዙ ዘመን በፊት የተሠራ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ሁሉ ሀብት እንዴት ሊተርፍ ቻለ የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ ውሃው ጠበቀው የሚል ነው። ይህ መልስ እውነት አለው፤ ነገር ግን አይበቃም። ከላይ የጠቀስናት አዮናም በውሃ የተከበበች ነበረች። የሰሜን ባሕር ወንበዴዎች ግን ከ795 ዓመት ጀምሮ በመርከብ እየመጡ ዘረፏት፤ በ806 ዓመትም 68 ሰዎቿን ገደሉ። አጥር የነበረው ውሃ መርከብ ላለው ሰው መንገድ ሆነለት። በራሳችንም አገር ክብራንን እንደ ገና ያሠሩት ዐፄ ኢያሱ፣ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ከነገሠ በኋላ፣ በ1699 ዓ.ም. የተገደሉት በዚሁ በጣና ደሴት ላይ ተቀምጠው ሳሉ ነው። የእርሳቸውን ገዳዮች ውሃው አላገዳቸውም።

የምሽግ ብርታትም ቢሆን መልስ አይሆንም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ለሚያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ከጎንደርና ከሌሎችም ስፍራዎች እጅግ ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። አምባው ገደል፣ መድፍና ጦር ነበረው። ሆኖም በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ሀብቱን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ወሰደ። ከነዚያ መጻሕፍት ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀመጡ። በኃይል የተሰበሰበው በኃይል ሄደ። በዚያው ዘመን ጦር ያልነበራቸው የዳጋና የክብራን መነኮሳት መጻሕፍቶቻቸውን በየመቀመጫቸው ጠብቀው አኖሩ።

ስለዚህ ውሃው ቅጥር ብቻ ነበር፤ ቅጥር ደግሞ በር ጠባቂ ከሌለው ለማንም ክፍት ነው። የደሴቶቹን ሀብት ያተረፈው በውሃው ላይ የተጨመረው የገዳም ሥርዓት ነው። በገዳም ሥርዓት አበምኔቱ ብቻውን የዕቃ ቤቱ ጌታ አይደለም። መጋቢው፣ ገበዙና ዕቃ ቤት ጠባቂው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ሹመቱ ሲለዋወጥ የሚወርደው ለሚተካው አስረክቦ ይሄዳል። በመጽሐፉ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ያስጻፈው ሰው ስም፣ የጸሐፊው ስምና የየትኛው ገዳም ንብረት መሆኑ ይጻፋል። የሰረቀውና ጽሕፈቱን የፋቀው የተወገዘ እንዲሆን ቃለ ግዝት ይጨመርበታል። ይህ ግዝት ለሚያምን ሕዝብ ከብረት ቍልፍ የጸና ነበር።

ከዚህም በላይ መጽሐፉ ራሱ መዝገብ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን ጉልት በተሰጠ ጊዜ የምድሩ ስም፣ የሰጪው ማዕርግና የምስክሮቹ ስም በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጻፍ ነበር። በወንጌል ላይ የተጻፈውን ማንም በቀላሉ ሊክደው አይችልምና። እንዲህ ከሆነ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የምንለው ክፍል የመጀመሪያ ወንድሙ የገዳሙ ዕቃ ቤት ነው ለማለት እንደፍራለን። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በ10 ዓመት ውስጥ የተጻፈ ደብዳቤ አጥተን ባለ ጉዳይን ነገ ተመለስ የምንል ሆነን ሳለ፣ እነዚያ አባቶች የ600 ዓመት ብራና በጨርቅ ጠቅልለው፣ ከጭስና ከምስጥ ጠብቀው፣ በተጠየቁ ጊዜ አውጥተው ያሳያሉ። ብዙ መሣሪያ ያለን እኛ ነን፤ ብዙ ዘመን የጠበቁት ግን እነርሱ ናቸው።

ዛሬ ግን የቀድሞው ቅጥር እንደ ቀድሞው አይደለም። የሞተር ጀልባ ሐይቁን አሳጥሮታል፤ ጐብኚ የሚመጣበት መንገድ የጥንት ዕቃ ነጋዴም የሚመጣበት መንገድ ሊሆን ይችላል። ውሃው ራሱም ሥራ በዝቶበታል። ዐባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ በ1988 ዓ.ም. የውሃ መቈጣጠሪያ ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመሩ። ለኤሌክትሪክ ሲባል ውሃው በቦይ በሚወሰድበት ጊዜ ስሙን ከጢሱ ያገኘው የጢስ ዐባይ ፏፏቴ ጢሱ ይቀንስበታል። ብርሃን ማግኘታችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋጋው በምን እንደ ተከፈለ ማወቅ ይገባል።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ እንቦጭ የተባለው አረም ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ ተክል በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ ታየ፤ በተለይም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፋ። አበባው ለዓይን ያማረ ሲሆን ሥራው ዓሣውን ማፈን፣ ታንኳውን ማሰርና ግጦሹን መዋጥ ነው። የዳርቻው ገበሬ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ከርሟል። ሐይቁ በሰኔ 2007 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የሕያዋን ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። መመዝገቡ ክብር ነው፤ አረሙ ግን የክብር ወረቀት አያነብም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የዘጌና የዳጋ ታሪክ መንገዱን ያሳየናል። ሥርዓት ባለበት ስፍራ ደኑም መጽሐፉም ተርፏል። አንደኛው ሥራ መመዝገብ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓመት ወደ ደሴቶቹ መጥቶ መጻሕፍቱን በፊልም አነሣ። ከ1973 እስከ 1999 ዓመት ባለው ጊዜም የነዚሁ መጻሕፍት ዝርዝር በ3 ጥራዝ ታተመ፤ ሦስተኛውን ያዘጋጀችው ቬሮኒካ ሲክስ ናት። ሥራቸው ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ዝርዝሩ በጀርመንኛ ስለ ሆነ የጎጃም ተማሪ የአያቶቹን መጻሕፍት ስም ለማወቅ የባዕድ ቋንቋ መማር አለበት ማለት ነው። ግዕዝና አማርኛ የሚያውቁ መምህራን ባሉበት አገር ይህ ዝርዝር በአማርኛ ተዘጋጅቶ በየትምህርት ቤቱ ቢገኝ የሚያስቸግር ነገር አይሆንም።

ሁለተኛው ሥራ የመምህራን ነው። በደምበጫም ሆነ በሌላው የጎጃም ከተማ ያለ ተማሪ ስለ ፒራሚድና ስለ ሮም ግንብ ሲማር፣ በውሃ ጕዞ ዘመን ተሻግረው የቈዩ የገዛ አገሩ ግምጃ ቤቶች እንዳሉ አብሮ ይማር። ከየወንዙ ዳር የሚታጠበው አፈር ወርዶ ሐይቁን እንደሚሞላውም ይወቅ። የሰከላ ገበሬ እርከን የሠራ እንደ ሆነ የዳጋን ወደብ ጠበቀ ማለት ነው። ሦስተኛው ሥራ የእኛ የሹማምንቱና የጸሐፊዎቹ ነው፤ ይኸውም ስለ ሐይቁ የሚወሰነውን ነገር ሁሉ ከመነኮሳቱና ከዳርቻው ሕዝብ ጋር ተማክረን መወሰን፣ የወሰንነውንም ጽፈን፣ ለሚተካን አስረክበን መሄድ።

በዳጋ የተኙት ነገሥታት ግንብ ሠርተዋል፣ ጦር አዝምተዋል፣ ሕግ አውጥተዋል። ግንቡ የፈረሰው ፈርሷል፤ ጦሩም ተበትኗል። ዐፅማቸው የቀረው ግን ስማቸው በማይታወቅ፣ ተራቸውን ጠብቀው ቍልፍ በተቀባበሉ ሰዎች እጅ ነው። አገርን የሚያቈየው ይህ የመቀባበል ሥራ ነው፤ ተራውም አሁን የእኛ ነው።